ጥቁር ቢራ፣ ጥቁር ጠላ



ዛሬ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ዌስት አዳምስ ሰፈር ቆሜ ስለ ፖላንድ ጥቁር ቢራ ልናገር መሆኔን የሰሙ ወዳጆቼ «ከፖላንድ ጋር ምን አገናኘን?» ብለውኛል። በመጀመሪያ ጉርብትና አገናኝቶናል። በዚሁ በዌስት አዳምስ ቡሌቫርድ ላይ የፖላንዶች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የተሰየመውም በአገራቸው በቸንስቶሆቫ ከተማ፣ ብሩህ ተራራ በሚሉት ገዳም በምትከበረው እመቤታችን ነው። የዚያች ሥዕለ ማርያም ፊት ጠቆር ያለ ስለሆነ «ጥቁሯ ማርያም» ይሏታል። እኛ ደግሞ ከዚህ ጥቂት ነድተን ፌርፋክስ እንገባለን፤ ከተማው በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ጎዳና ማለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እየጠራሁ ነው፤ አባቶች ይቅርታ አድርጉልኝ።

ማርያምን የሚወዱ፣ ጾም የሚያውቁ፣ ከገብስ የሚጠምቁ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ከተማ ይኖራሉ። ከሚጠምቁት ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ጥቁር አላቸው። ዛሬ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ የፖላንዱን ጠንካራ ጥቁር ቢራ ለመቅመስ የሚያስፈልገው ምላስ ከጠላ ቤት ልጅ ዘንድ ሞልቷል፤ ከፖላንዶቹ የምንበደረው ካለ መዝገባቸውን ነው። እነሱ መዝነው ጽፈዋል፣ እኛ በዓይን ገምተን በአፍ አስተላልፈናል። ምሽቱን ሙሉ የምዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ የቢራውን ዘር እንቁጠር። የባልቲክ ፖርተር ይባላል። አያቱ የለንደን ሰው ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የለንደን ጠማቂዎች ጥቁርና ጠንካራ ቢራቸውን በበርሜል እየጫኑ በባልቲክ ባሕር ወደ ግዳንስክና ወደ ሩሲያ ይልኩ ነበር። በ1806 ናፖሊዮን አውሮፓ ከእንግሊዝ ጋር እንዳትነግድ ሲያግድ መንገዱ ተዘጋ። ጠጪው ግን አንዴ ለምዷልና በባሕሩ ዳር ያሉ ጠማቂዎች ራሳቸው ይሠሩት ጀመር። እየቆየ ሲሄድ አሠራሩም ተለየ። የእንግሊዙ ፖርተር ሞቅ ባለ ቦታ ቶሎ በሚያፈላ እርሾ ነበር የሚሠራው፤ የባልቲኩ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን በተስፋፋው፣ በብርድ ቀስ ብሎ በሚሠራው የላገር እርሾ ሆነ። ከፈላም በኋላ በቀዝቃዛ ጋን ውስጥ ለወራት ይተኛል። በደቡብ ፖላንድ ያለው የዢቪየትስ ፋብሪካ ፖርተር መጥመቅ የጀመረው በ1881 ነው። በሁለት የዓለም ጦርነትና በኮሚኒስት መንግሥት መሐል ያለፈችው ይህች አገር ፖርተሯን አልጣለችም፤ ጥቂት ፋብሪካዎች ይዘውት ቆዩ።

እንግዲህ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን ጠርሙስ አንሱና ጀርባውን አንብቡ። ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው የአልኮሉ መጠን ነው፤ የዢቪየትስ ፖርተር 9.5 በመቶ ይላል። ሁለተኛውን አሜሪካን አገር በሚሸጥ ቢራ ላይ እምብዛም አናየውም፤ ፖላንዶች ግን ሳይጽፉት አያድሩም። ይህ የብቅሉ ውኃ ውፍረት ነው። ሳይፈላ በፊት ከመቶ ግራም ውኃ ውስጥ ስንቱ ግራም ከእህል የወጣ ስኳርና ሌላ ሟሚ እንደሆነ ይናገራል። ተራው ቢጫ ቢራ 11 ወይም 12 ዲግሪ ነው። ፖርተር ከ18 ይጀምርና 22 ይደርሳል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። ፒንታ የሚባለው ቢራ ጠማቂ «ኢምፔራቶር ባውቲትስኪ» ያለው ፖርተር 24.7 ዲግሪ ነው። የፖላንድ መንግሥትም የቢራ ግብር የሚያስከፍለው በዚሁ ዲግሪ ልክ ስለሆነ ቁጥሩ ለጠጪው ብቻ ሳይሆን ለገቢ ሰብሳቢውም ይጠቅማል።

እናቶቼ ይህን ቁጥር ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ «ድፍድፉ ላይ ስንት ውኃ ጨመሩበት ማለት ነዋ!» ይላሉ። በትክክል። ድፍድፉ ወፍራም ሆኖ ውኃው በልክ ከገባበት ሰው የሚያስቀምጥ ጠላ ይወጣል። እዚያው ድፍድፍ ላይ ሁለተኛ ውኃ ሲቸለስበት ቅራሪ ይሆናል፤ እሱም ለልጅና ለእረኛ ነው። ፊልተር ጠላ ጠንካራ የሚሆነው ከሌላው የተለየ እህል ገብቶበት አይደለም፤ ውኃው ስለሚያንስና ወፍራሙ ድፍድፍ ጊዜ አግኝቶ ስለሚበስል ነው፤ ከዚያ በጨርቅ ይጠለላል። ተራው ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ሲኖረው ፊልተሩ 5 እና 6 ይደርሳል። ጠማቂዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የምታውቀው ግን በጣሳ፣ በእፍኝና በዓይኗ ነው። ዲግሪ የሚባለው ነገር የእሷ ዕውቀት በሚዛን ላይ ሲወጣ ነው።

አሁን ወደ ጥቁረቱ ልሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጥቁር ቢራ ሲያይ ጥንካሬው ከጥቁረቱ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም።

ጥቁር ጠላ እንዴት እንደሚጠቁር አስቡት። ገብሱ ወይም ዳጉሳው ይቆላል፤ አሻሮ ይሆናል። ይፈጫል። ዱቄቱ በውኃ ርሶ፣ ፈርፈር እስኪል ታሽቶ ምጣድ ላይ ይወጣል፤ እንኩሮ ይሆናል። ጠማቂዋ ምጣዱ ዳር ተቀምጣ በእንጨት እያገላበጠች ታምሰዋለች። መጀመሪያ ሽታው የገብስ ገንፎ ነው። ቀጥሎ ቆሎ ቆሎ ይላል። ከዚያ ቡና ቡና ማለት ሲጀምር፣ ዳር ዳሩ ከቡናማ ወደ ጥቁር ሲዞር፣ እሳቱን ትቀንሳለች። እዚያ ላይ አንድ ደቂቃ ካለፋት ይከስላል፤ የከሰለ እንኩሮ ደግሞ ጠላውን አመድ አመድ ያሰኘዋል፤ ጉሮሮ የሚከረክር ምሬት ያመጣል። ከዚህ ላይ ቂጣውም አለ፤ ወፍራም ሆኖ ጥቁር እስኪል ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ ጥንስሱ ውስጥ ይገባል። ነጭ ጠላ የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ በለጋው ያቆመዋል።

እህሉ እየተቆላ ሲሄድ ግን ጉልበቱን ያጣል። የእህልን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡት ብቅሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ብርቱ እሳት ይገድላቸዋል። ለዚህ ነው ብቅሉ በፀሐይ ደርቆ ለብቻው የሚጨመረው፤ እንደ እንኩሮው ምጣድ ላይ አይከስልም። ጥቁረቱንና ጠረኑን አሻሮውና እንኩሮው ይሰጣሉ፤ ስካሩን ብቅሉ ያመጣዋል። የፖላንዱም ጠማቂ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጋኑን የሚሞላው ገርጣ ያለና ጥቂት የተጠበሰ ብቅል ነው፤ የጠቆረው ብቅል በጥቂቱ ነው የሚገባው። አንዳንዶቹ ገለባው የተነሣለት ገብስ ነው የሚቆሉት፤ መራራው የቃጠሎ ጣዕም የሚበዛው ገለባው ላይ ስለሆነ። እናንተ እናቶቼ ምጣድ ዳር ተቀምጣችሁ በአፍንጫችሁ የምትጠብቁትን ነገር እነሱ ገለባውን በማንሣት ይጠብቁታል።

ስለዚህ ብርጭቆውን ወደ መብራት አንሱ። ከላይ ጥቁር ነው፤ ከሥሩ ግን ቀይ ጨረር ታያላችሁ። የደረሰ ፖርተር ቀለሙ እንደዚህ ነው። አረፋው ክሬም መልክ አለው፤ ነጭ ከሆነ ብቅሉ ቀልሎ ይሆናል። ከፍሪጅ እንደወጣ አትቅመሱት። ቅዝቃዜ አፍንጫን ይዘጋል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ይቆይና 12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይድረስ። ጠላን ማን በበረዶ ይጠጣል?

አሽትቱት። እዚህ ላይ እኛ ብርቱዎች ነን፤ በአማርኛ ጠረንን ለመግለጽ ቃሉን ደግመን ስንጠራው ይበቃል። ይህ ቢራ ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል፤ የደረቀ ፕሪም ፕሪም ይላል፤ ወደ ኋላ ደግሞ የጥቁር ዳቦ ቅርፊት አለው። ቡናው አለ፤ ነገር ግን እንደ አየርላንዱ ጊነስ ስታውት ፊት ለፊት አይመጣም። የባልቲኩ ፖርተር ከጊነስ ጋር ወንድማማች ይመስላል እንጂ የሚለይበት ይህ ነው፦ ጊነሱ የተቆላ ገብስ ምሬቱ የጎላ፣ ሰውነቱ የቀለለ ነው፤ ፖርተሩ ግን ምሬቱን ሸሽጎ ጣፋጩን ያስቀድማል። በብርድ ለወራት የመተኛቱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። እርሾው ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ሌላ ጠረን አይጨምርም፤ የእህሉ ጠረን ብቻውን ይናገራል።

ከዚያ ትንሽ ጉንጭ ሙሉ ውሰዱና ምላሳችሁ ላይ አቆዩት። ወፍራም ነው፤ አፍ ውስጥ ይቆያል። ስትውጡት ደረታችሁን ያሞቃል። ይህ ሙቀት ሲመጣ ተጠንቀቁ፤ የ9.5 በመቶው ቁጥር እየተናገረ ነው። አንድ የፖላንድ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያለው ንጹሕ አልኮል 37 ግራም ያህል ይሆናል። እንዲህ ቢሰላ ከሦስት ጠርሙስ ጊዮርጊስ ቢራ አያንስም። አንድ ጠርሙስ ጠጣሁ ብሎ መኪና የሚያነሣ ሰው ሦስት ጠጥቶ ነው የሚነዳው ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለእያንዳንዱ ሰው የቀዳነው ከቡና ሲኒ እምብዛም የማይበልጥ ነው፤ ቅር እንዳትሰኙ። መንዳት ያለበት ሰው ደግሞ ያሽትት፣ ይቅመስና ይትፋው፤ የቢራ ዳኞችም ቢሆኑ ሙሉ ብርጭቆ አይጠጡም።

ከጠላ ጋር የሚለያይበትንም ልንገራችሁ። ጠላ ኮምጠጥ ይላል፤ ጋኑ ውስጥ ከእርሾው ጋር እርጎን የሚያኮመጥጡት ዓይነት ባክቴሪያዎችም ስለሚሠሩ ነው። ያ ኮምጣጣነት ለጠላ ጌጡ ነው፤ ወጥ ላይ ሲጠጣ ቅባቱን ያወርዳል። ፖርተር ላይ ኮምጣጣ ከመጣ ግን ተበላሽቷል ማለት ነው። ምሬቱም ምንጩ የተለየ ነው። የፖላንዱ የሚመረው በሆፕ ነው፤ የእኛ በጌሾ። ጌሾ ቅጠሉም እንጨቱም ይገባል፤ ምሬቱ ቀጭንና ረዥም ነው፤ ከዋጡት በኋላ ከምላስ ሥር ይመጣል። የሆፑ ምሬት ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስትቀምሱ በግልጽ ይለያል።

ስለ ጭስ ሳልናገር አላልፍም፤ እኔ ራሴ ወደዚህ ነገር የገባሁት በጭስ በኩል ነው። ጋኑ ወይም እንስራው በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ወይራው ይጤሳል፣ ዕቃው ተደፍቶበት ጭሱን ይጠጣል፤ ጠላው ሲቀዳ ወይራ ወይራ ይላል። ያልታጠነ ዕቃ ላይ የተጠመቀ ጠላ ባለሙያ ወዲያው ይለየዋል። በምዕራብ ፖላንድ ግሮጂስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ ለዘመናት የስንዴ ብቅልን በኦክ እንጨት ጭስ አድርቀው የሚሠሩት ቢራ ነበራቸው። ግሮጂስኪዬ ይባላል። ጥቁር አይደለም፤ ጠንካራም አይደለም፤ 3 በመቶ አካባቢ ነው፤ ግን ጭስ ጭስ ይላል። የከተማው ፋብሪካ በ1993 ሥራውን አቆመ፤ ቢራው ጠፋ ተባለ።

እንዲህ ተብሎ ግን አልቀረም። የፖላንድ የቤት ውስጥ ቢራ ጠማቂዎች ማኅበር አሮጌውን እርሾ ፈልጎ አገኘ፤ አሠራሩን ከሰነድና ከቀድሞ ሠራተኞች ሰበሰበ፤ እየጠመቁ፣ እየቀመሱ፣ እየተከራከሩ መልሰው አቆሙት። በ2015 ግሮጂስክ ውስጥ ፋብሪካው እንደገና ሥራ ጀመረ። ያነሣው መንግሥት አይደለም፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም አይደሉም። ጓዳቸው ውስጥ ድስትና ባልዲ ይዘው የሚጠምቁ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በፊት በ2011 ፒንታ «አታክ ህሚየሉ» የሚል ስም ያለው መራራ ቢራ አውጥቶ የፖላንድ የእደ ጥበብ ቢራ ዘመን ሲከፈት መሥራቾቹ እነዚህኑ መሰል የቤት ጠማቂዎች ነበሩ። ጥቁሩም ቢራ አብሮ ተነሣ። በሰሜን ፖላንድ ኦልሽቲን ከተማ የሚገኘው ኮርሞራን፣ በደቡብ ፖላንድ ገበሬዎች በእንጨት ጭስ የሚያደርቁትን ሱስካ ሴህሎንስካ የሚባል ፕሪም አስገብቶ «ኢምፔሪዩም ፕሩኑም» የሚል ፖርተር ሠራ፤ 11 በመቶ ነው። ስትቀምሱት ጭሱ ከፕሪሙ ጋር ይመጣል። ወይራ የታጠነ ጠላ ያደገበት ሰው ከሌላው ቀማሽ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ለእናንተ ያዘጋጀሁት ሁለተኛው ብርጭቆም ይሄው ነው።

እኛስ ምን አደረግን? አገር ቤት የቢራ ፋብሪካ በ1922 በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሽን፣ ዋልያ፣ ሐበሻ እያለ መጣ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቢጫና ቀላል ላገር ናቸው። እዚህ ላይ ፋብሪካዎቹን አልወቅስም፤ ሙቀት ላለበት አገር፣ ቶሎ ለሚሸጥ ገበያ፣ በብዛት ለሚመረት ብቅል ላገሩ ይመቻል። ለየት ያለ ሙከራም አልታጣም፤ ሐረር ቢራ ፋብሪካ በከተማዋ ጫፍ ባለው ተራራ ስም ሐኪም ስታውት የሚል ጥቁር ቢራ አውጥቷል። አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ቢራውን እዚያው የሚጠምቀው ቢራ ጋርደን ኢን ደግሞ ብሎንዲ ከሚለው ቢጫ ጎን ኢቦኒ የሚል ጥቁር ቢራ ይቀዳ ነበር። የሚገርመው ሐረር ቢራን ሔኒከን የገዛው በ2011 ነው፤ ዢቪየትስም የሔኒከን ነው። የሐኪም ስታውትና የዢቪየትስ ፖርተር ባለቤታቸው አንድ ሆነ ማለት ነው። ዓለም ጠባብ ናት፤ ወይም ሔኒከን ሰፊ ነው።

ፋብሪካ ያልነካው ጥቁር ቢራ ግን ጓዳ ውስጥ ነው ያለው። የጎጃሙ የዳጉሳ ጠላ፣ የወሎውና የሸዋው የገብስ ጠላ፣ በጎንደርና በሰሜን የሚጠጣው ኮረፌ፤ ለሰንበቴ፣ ለማኅበር፣ ለሠርግና ለተዝካር የሚጠመቀው ሁሉ ማለቴ ነው። የኢትዮጵያን ቢራ ቆጥሬ ስጨርስ እነዚህን ሳልቆጥር ከቀረሁ ቆጠራዬ ግማሽ ነው። የታወቀው የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ሲዞር ካስገረሙት ነገሮች አንዱ የገብሳችን ዓይነት ብዛት ነበር። እዚህ ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ፦ የገብስን ቅጠል ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጨው ቫይረስ በዚህ ግዛት በ1951 ተለየ። ከዚያ በኋላ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ጂን ሲፈልጉ ያገኙት በኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው። ዋይ ዲ ቱ ይሉታል። ከእኛ ቀድሞ ካሊፎርኒያ የገባ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ይህ ገብስ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ገብሱ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ጠላው ለምን ቀረ? ጠላን የሚጠምቁት ሴቶች ናቸው። የሚጽፉት ደግሞ ለረጅም ዘመን ወንዶች ነበሩ። ወንዶቹ ስለሚጠጡት ነገር ግጥም ገጠሙ፣ ቀረርቶ አወረዱ፤ ስንት ቁና ብቅል ለስንት እንስራ እንደሚገባ ግን ማን ጠየቀ? የእናቱን ጠላ የሚያወድስ ሰው ሞልቷል። እናቱ እንኩሮውን ስንት ጊዜ እንደምታገላብጥ የሚያውቅ ስንት ነው? በዚህ ላይ የስደቱ ነገር አለ። እዚህ ከተማ ያለች እናት ስታርፍ የጥንስስ ልኬቷ አብሯት ያርፋል። ልጅቷ ከፌርፋክስ ባልትና ሱቅ ጌሾ ትገዛለች፤ ስንት እንደምትጨምር ግን የምትጠይቀው የለም።

አንዳንዶቻችሁ «ሕጉስ?» ትሉ ይሆናል። ሕጉ ይፈቅዳል። ኮንግረስ አውጥቶት ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 የፈረሙበት ሕግ ለቤት ፍጆታ ቢራ መጥመቅን ከግብር ነፃ አድርጎታል፤ አንድ ጎልማሳ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ያሉበት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። መሸጥ ግን አይቻልም፤ ለመሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል። 200 ጋሎን ማለት ከ750 ሊትር በላይ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የዓመት በዓል ሁሉ ተርፎ ለጎረቤትም ይበቃል። የአሜሪካ የእደ ጥበብ ቢራ ትልቅ ክፍሉ የተወለደውም ከዚህ ሕግ በኋላ ከጋራዥ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ፖላንዶቹ ያደረጉትን ማድረግ ከባድ አይደለም። በሃርድዌር ሱቅ የሚገኝ አንድ የወጥ ቤት ሚዛን፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ የቢራ መጥመቂያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ያላቸው ሃይድሮሜትር የሚባል የመስታወት መለኪያ፤ ይህ ብቻ ነው። ሃይድሮሜትሩ ሳይፈላ በፊት ከድፍድፉ ተጠልሎ በወጣው ውስጥ ቢነከር ዲግሪውን ይናገራል፤ ከፈላ በኋላ ደግሞ ሲነከር ምን ያህል ስኳር ወደ አልኮል እንደተለወጠ ይታያል። ጉሹ ሲበዛ ግን መለኪያው ይዋሻል፤ ድፍድፍ ውስጥ ያለው ፍርፋሪ ያንሳፍፈዋል። ስለዚህ ለመለኪያ የሚሆን ጥቂቱ በደንብ በጨርቅ መጠለል አለበት። ወጣቶቹ ይህን ይሥሩ፤ እናቶች እንኩሮውን ያምሱ። እናት ስትጠምቅ ልጅ ደብተር ይዞ አጠገቧ ይቀመጥ። «ትንሽ ጨምሪበት» ስትል እጇን ይያዝና እፍኟን ሚዛን ላይ ያድርግ። ደጋግማችሁ ስትጠምቁ ቁጥሩ ራሱ ይመጣል።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ፤ ጠላ እንደ ፖርተር ይሁን ማለቴ አይደለም። በጠርሙስ ታሽጎ ዓመት የሚቀመጥ ጠላ አልፈልግም፤ ጠላ ለጋ ሆኖ የሚጠጣ ነገር ነው፤ ኮምጣጣነቱም ሕይወቱ ነው። ፖርተር ግን ዕድሜ ያምርበታል። ጠንካራው ፖርተር ጨለማ ቦታ ለዓመታት ቢቀመጥ ምሬቱ እየበረደ የቴምር ጣዕም ያወጣል። ይህን ለጠላ የተመኘ ሰው ወደ ጠጅ ይሂድ።

ፖላንዶች ለፖርተራቸው ቀን አላቸው፤ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥር ወር ሦስተኛው ቅዳሜ የባልቲክ ፖርተር ቀን ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ይከበራል። ከጥምቀታችን ሳምንት አይርቅም። በ2019 ጥምቀትና የፖርተር ቀን በአንድ ቅዳሜ ውለው ነበር፤ በእኛ ጥር 11። ዋርሶ ላይ ፖርተር ሲከፈት ታቦታቱ ከጃንሜዳ ይመለሱ ነበር ማለት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት በዚያ ሰሞን ቡሌቫርዱ ላይ ያሉትን ፖላንዶች ጋብዘን፣ የእነሱንም የእኛንም ጎን ለጎን ብናቀምስ ያምራል፤ አዘጋጁ ኮሚቴ ያስብበት።

ከምግብ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ተጠይቄ ነበር። ዶሮ ወጥ ላይ ፖርተር አልመክርም፤ በርበሬውና አልኮሉ ተጋግዘው አፍ ያቃጥላሉ። ዶሮ ወጥ የሚፈልገው ኮምጣጣውን ጠላ ነው። ፖርተሩን ለጥብስ፣ በተለይ ዳር ዳሩ ለጠቆረ የዝልዝል ጥብስ አቆዩት። የጾም ቀን ከሆነ በዳቦ ቆሎና በለውዝ ይሄዳል። ለቸኮሌት ኬክ የሚሆን ደግሞ ከእሱ የተሻለ መጠጥ አላውቅም።

አሁን ሦስተኛው ጣሳ ፊት ለፊታችሁ ነው። ጥቁር ጠላ ነው፤ ከገብስ እንኩሮ የተጠመቀ፤ ዕቃው በወይራ የታጠነ፤ የገባበት እህል፣ ብቅልና ጌሾ በግራም፣ ውኃው በሊትር የተጻፈ። ወረቀቱ ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ጎኑም ባዶ ነው። እናቶቼ፣ ጌሾው በዝቶበታል ካላችሁ ስንት እንደምቀንስ ጻፉልኝ፤ እንኩሮው አልጠቆረም ካላችሁም እንደዚሁ። መጻፍ የማይመቻችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ እስክሪብቶ ይዘው ይዞራሉ።